ለዲሬክተሩ ዋስ የጠፋ ዕለት

ሰው ዋስ የሚጠራው ሲታሰር ነው። ወይም የጎረቤት በቅሎ ተውሶ ገደል ሲከታት። የእኔ ልጅ ግን ዋስ የተጠየቀችው አንደኛ ክፍል ልትገባ ስትል ነው። ያውም በጃንሆይ ጊዜ፣ ያውም እዚሁ ሆሳዕና፣ ያውም የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በየበዓሉ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሞ «ልጁን ከቤት ያስቀረ ወላጅ በኃላፊነት ይጠየቃል!» እያለ በሚጮህበት ዘመን። እኔ ሰው የተናገረውን የማምን ሞኝ ነኝ። ያን ንግግር ሰምቼ አጨበጨብኩ። ማጨብጨቡ አልበቃ ብሎኝ አጠገቤ የቆመውን ሰው «አጨብጭብ እንጂ!» ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

ሥራዬ ልብስ ሰፊነት ነው። የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት ከገበያው በላይ ካለች በረንዳ ላይ ነበር። ሰው ወገቡን ሲያስለካ አፉ አያርፍም፤ ስለዚህ የከተማውን ወሬ ከአውራጃው ገዢ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴን የአበበች እናት እላታለሁ። ብዙ አትናገርም። የተናገረች ቀን ግን የት እንደምሸሽ አስቀድሜ አያለሁ።

አበበች ልጃችን ናት። አፏን ፈትታ፣ ቤቱን በወሬ ሞልታ ሳለ ክፉ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲሄድ መስማቷን ይዞባት ሄደ። ወሬዋም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ዓይኗ ግን ምንም አያመልጠውም። ደንበኛ ወደ በረንዳዬ ሲወጣ ሱሪ ሊያሳጥር ይሁን ሊጨቃጨቅ የመጣ ከአረማመዱ ታውቅና አስቀድማ ምልክት ትሰጠኛለች። በእጃችን የምንነጋገርበት የራሳችን ቋንቋ ነበረን፤ ለቅቤው፣ ለላሟ፣ ለዝናቡ ሁሉ ምልክት አለው። ዲሬክተሩን ስትል ደረቷን ነፍታ እጇን ወደ ኋላ ታጣምራለች። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ምልክት አላት፤ እሱን ግን አልናገርም፣ ገና እሁድ እሁድ አብሬያቸው ልቀመጥ ነው።

እንግዲህ ጊዜው ደርሶ፣ የሰፋሁላትን የደንብ ልብስ አልብሼ ወደ ትምህርት ቤት ይዣት ሄድኩ። ዲሬክተሩ ከሰሜን ሸዋ በኩል የመጡ፣ ድምፃቸው ከበር የሚቀድም ሰው ናቸው።

«ስሟን ትናገር» አሉ።

«አበበች ነው ስሟ።»

«አንተን አይደለም፤ እሷ ትናገር።»

«አትሰማም ጌታዬ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ እዚህ ምን ልታደርግ መጣች?»

«ልትማር።»

«በምኗ?»

«በዓይኗ።»

ዲሬክተሩ አበበችን አዩዋት፤ አበበችም አየቻቸው። ቀድመው ዓይናቸውን የሰበሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ደወል ሳትሰማ ውጭ ብትቀር፣ ከብት ቢረግጣት፣ ክፍል ብትረብሽ፣ ትምህርቱ ባይገባት፣ ማነው የሚጠየቀው?»

«ትምህርት ቤቱ ነው እንጂ!» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ደረቴን መትቼ «እኔ!» አልኩ።

«አባት ለልጁ ዋስ አይሆንም። ሌላ ዋስ ጥራ» አሉና ቀጣዩን ወላጅ አስገቡ።

ዋስ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። እሳቸው ጸሎት አይነፍጉም፤ እዚያው አስቁመውኝ እግሬ እስኪደነዝዝ ጸለዩልኝ። ስለ ዋሱ ሳነሳባቸው ግን «ወንድሜ፣ ዋስ መሆንን መጽሐፉ ይነቅፋል» ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። ከዚያ የሠርግ ሱፉን ወደ ሰፋሁለት ባለሱቅ ሄድኩ። «ለሌባ ብትለኝ እሺ» አለኝ፤ «ሌባ ቢያንስ ሲጠሩት ይሰማል።» ያን ሱፍ ስሰፋ ብብቱን አጥብቤለት ቢሆን ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

በመጨረሻ አቶ ላምቤቦ ጋ ደረስኩ። አቶ ላምቤቦ ከቦኖሻ በኩል ከብት እየነዱ የሚመጡ ነጋዴ ናቸው። ለሰው ሁሉ ዋስ ከመሆናቸው የተነሳ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሲቆሙ ዘበኛው «ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?» ይላቸዋል። ነገሬን ሰሙና ጠየቁኝ።

«ትበላለች?»

«ትበላለች።»

«ትስቃለች?»

«ትስቃለች፤ በተለይ በእኔ።»

«እንግዲያ ሰው ናት። ምንድነው ሌላ?» ብለው በትራቸውን አነሱ።

ዲሬክተሩ ቢሮ ገብተን ጥያቄው እንደ ችሎት ቀጠለ። ደወል ሳትሰማ ብትቀር? «እኔ አለሁ» አሉ አቶ ላምቤቦ። ከብት ቢረግጣት? «እዚህ አገር የሚነዳው ከብት የኔ ነው፤ እሷን አይረግጥም።» ትምህርቱ ባይገባት? እዚህ ላይ አቶ ላምቤቦ ጭንቅላታቸውን አከኩ። «ጌታዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ለእሱ እንዴት ዋስ ይኮናል?»

«ዋስ ዋስ ነው፤ አይሸረፍም!» አሉ ዲሬክተሩ።

«እሺ፣ እኔ አለሁ» አሉ አቶ ላምቤቦ። እንዲህ አድርጎ ፊደል ያልቆጠረ የከብት ነጋዴ ለአንደኛ ክፍል ትምህርት ዋስ ሆነ። አስተማሪው ደመወዙን እየበላ በሚያስተምረው ጉዳይ የሚጠየቁት እሳቸው ሆኑ። እኔ ደግሞ በደስታ አቅፌ ሳምኳቸው፤ ሞኝነቴን ነግሬያችሁ የለ?

አስተማሪው መምህር ታምሩ የሚባል ገና ጢም ያላበቀለ ወጣት ነበር። ክፉ አልነበረም። አበበችን ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከምሰሶው ጀርባ አስቀመጣት። እሱ ሲያስተምር ጀርባውን ለተማሪ፣ ፊቱን ለሰሌዳው ሰጥቶ ነው። ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሲገባ መንገድ ላይ አገኘሁትና «አበበች እንዴት ናት?» አልኩት።

«ወይ አበበች! እንደሷ ያለ ጨዋ ልጅ ክፍሉ ውስጥ የለም። ድምጿ አይሰማም!»

ልቤ ሞላ። እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለእናቷ አበሰርኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ግድግዳውም አይረብሽም» አለችኝ።

በማግስቱ ራሷ ሄዳ በመስኮት አየች። ልጃችን ሰሌዳ ትጠርጋለች፣ ጠመኔ ታቀብላለች፣ ሌሎቹ ፊደል ሲቆጥሩ ለአስተማሪዎች ውሃ ትቀዳለች። ለካ የደንብ ልብሱ ፊቱ ሁልጊዜ ረጥቦ የሚመጣው በዚህ ኖሯል። «ውሃ መሸከም ብቻ ከሆነ እንስራው ቤታችንም አለ» አለችኝ የአበበች እናት፤ እኔ ሞኙ ግን ቀስ ብለው ያስተምሯታል ብዬ ጠበቅኩ።

ዓመቱ አለቀና አቶ ላምቤቦ ተጠሩ። ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ወደ በረንዳዬ መጡ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ያልባቸዋል። «ዋስ የሆንክላት ልጅ ትምህርቱ አልገባትም፣ ለከርሞ እንዳትመጣ፣ አንተ ውሰዳት» ተብለዋል። በዚያ ሁሉ የዋስነት ዘመናቸው ሰው አሳፍሯቸው አያውቅም።

«የአበበች አባት፣ ምን ላድርግ? ልታሰር ወይስ ፊደል ልቁጠር?» አሉኝ። የምራቸውን ነበር።

አበበች ከመኪናዬ ሥር ቁጭ ብላ በተቆረጠ ጨርቅ ስትጫወት የአቶ ላምቤቦን ፊት አየች። የእኔንም አየች። ከዚያ ተነሥታ የደንብ ልብሷን ከምስማሩ አወረደችና ደረቷ ላይ አቅፋ ያዘችው። ማንም በእጁ የነገራት ነገር የለም። ወንድ ነኝና ዞር ብዬ ክር የምፈልግ መሰልኩ። ከዚያ ተናደድኩ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ሳያስተምሯት አልገባትም አሏት!

ወደ ዲሬክተሩ ሮጥኩ። «ይህ የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው» አሉኝ። ወደዚያ ሄድኩ። «አለመስማት የጤና ነገር ነው፤ ክሊኒክ ውሰዳት» አሉኝ። ክሊኒክ ወሰድኳት። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ ቁስል አካሚ፣ በባትሪ ጆሮዋን አየ፤ ለብ ባለ ውሃ አጠበ፤ ጠራረገና «በጣም ንጹሕ ነው፤ መማሯ ግን የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው» አለኝ። አንዱ የቢሮ ሰው «አዲስ አበባ ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት ይኖራል» ብሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ «የት ሰፈር?» ስለው «ይኖራል አልኩ እንጂ አለ መች አልኩ?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔ እዚህና እዚያ ስል ሥራዬ ተበላሸ። ያኔ ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ እጅጌ ኮት የለበሰ ሰው ካያችሁ ደንበኛዬ ነበር።

አንድ ቀን ደክሞኝ ገብቼ አንዱን ቢሮ ከሌላው ስረግም የአበበች እናት እግሬን ዝቅ ብላ አየችው። «አንተን ዋስ ጠይቀውሃል» አለች። «አንተስ እነሱን ጠይቀሃል?»

«ትምህርት ቤት ዋስ ይጠራል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሳቄም መንገድ ላይ ቀረ።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው፤ የገበያ ቀን ነበር። ዲሬክተሩ ከመምህር ታምሩ ጋር ሆነው በቅቤው ተራ በኩል ቅቤ እያሸተቱ ይወርዳሉ። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ በትሕትና ልለምናቸው ነበር የቀረብኩት። «ጌታዬ፣ ስለ ልጄ...» ስል፣ «ቢሮ ና!» ብለውኝ ፊታቸውን አዞሩ። ቢሮ ስሄድ ገበያ፣ ገበያ ስመጣ ቢሮ! አፌ ያለ እኔ ፈቃድ ተከፈተ።

«በሕግ አምላክ! ይቁሙ!»

ልጆች ስለሆናችሁ ካላወቃችሁ፣ በዚያን ጊዜ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ንቅንቅ አይልም። የሰረቀ እንኳ ይቆማል። ረግጦ የሄደ በጥፋቱ ላይ ጥፋት ጨመረ ማለት ነው። ይህንን ደግሞ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩት ዲሬክተሩ ራሳቸው ናቸው። ቆሙ። አለመታደል ሆኖ የቆሙት አንድ እግራቸው ጭቃ ውስጥ እያለ ነው።

ገበያው ከበበን። አቶ ላምቤቦም ከከብት ተራ በትራቸውን ይዘው ደረሱ። «ምን በደልኩህ?» አሉ ዲሬክተሩ።

«ልጄ ልትማር ዋስ ጠርታለች። እርስዎም ሊያስተምሩ ዋስ ይጥሩ!»

መጀመሪያ አማርኛ የሚሰሙት ሳቁ። ነገሩ በሐዲይኛ ተተረጎመና የቅቤ ሻጮቹ ሳቁ። ከዶዮገና ለመጡት በከምባትኛ ተነገረና እነሱም በተራቸው ሳቁ። ዲሬክተሩ በዚያ በአንድ ቀልድ በየቋንቋው ቆመው መሳቂያ መሆን ነበረባቸው።

«እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ! ምን ዓይነት ዋስ ነው የምጠራው?»

አንድ የአገር ሽማግሌ ወደፊት ወጡ። «ልጄ፣ ከልጅቷ ዋስ ወስደሃል?» አሏቸው።

«ወስጃለሁ።»

«ያ ዋስ ያ ላምቤቦ ነው?»

«ነው።»

«እሷ ባትማር ላምቤቦ ይጠየቃል። አንተ ባታስተምር ማን ይጠየቃል?»

ሽማግሌው «እንግዲያ ዋስ ጠርተህ ሂድ፤ የሚይዝህ የለም» ብለው መቋሚያቸውን ተደገፉ።

ዲሬክተሩ ወደ መምህር ታምሩ ዞሩ። መምህር ታምሩ «ጌታዬ፣ እኔ ገና ቋሚ አልሆንኩም» አለ። ወደ ባለሱቁ ዞሩ፤ ባለሱቁ ጨው ሊመዝን ጎንበስ ብሎ ቀረ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ከሰዉ መሐል «እጸልይልዎታለሁ» አሉ። አቶ ላምቤቦ ደግሞ «እኔ ለአንድ ትምህርት ዋስ ሆኜ መች ወጣሁ?» ብለው በትራቸውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩ። ፀሐዩ ከረረ። ጭቃው እግራቸውን ቀስ እያለ ይውጠዋል። አሳዘኑኝ፤ ብዙም ባይሆን።

ይህን ጊዜ የአበበች እናት ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባች። «እኔ ዋስ እሆናቸዋለሁ» አለች።

የሞኝነቱ ሥራ በቤታችን የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ሴት ዋስ ትሆናለች?» አሉ ዲሬክተሩ፤ እዚያ ጭቃ ውስጥ ሆነው እንኳ መምረጥ አማራቸው።

ሽማግሌው ዙሪያውን ያሉትን ወንዶች አዩና «የቆጮው ጉድጓድ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። በእኛ አገር ወንድ በከብቱ ያሻውን ያህል ይኩራ፤ እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ከገባ በኋላ ግን ያለ ሚስቱ ፈቃድ ክዳኑን እንደማያነሳ ባለትዳር ሁሉ ያውቃል። የራሷ ንብረት ያላት ናትና ዋስነቷ ጸደቀ። ዲሬክተሩ እግራቸውን ከጭቃው ነቅለው «እግዜር ይስጥሽ እመቤቴ» ብለው እጅ ነሱ። ምስኪን! ዋስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ረስተውት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደወል ሳይደወል የአበበች እናት ጥጧንና እንዝርቷን ይዛ፣ አበበችን የደንብ ልብሷን አልብሳ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኘች።

«ደግሞ ምን ፈለግሽ?» አሉ ዲሬክተሩ።

«ዋስዎ ነኝ። ቢጠፉብኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መኖርዎን ላይ ነው የመጣሁት።»

ከአንደኛ ክፍል መስኮት ሥር ቁጭ ብላ መፍተል ጀመረች። በየጠዋቱ «ዛሬ ምን ሊያስተምሩ ነው?» ትላለች። ያረፈዱ ቀን ቤታቸው ድረስ ሄዳ በር ታንኳኳለች። ሺንሺቾ ከተማ ለቅሶ ሊደርሱ በቅሎ ሲጭኑ ልጓሙን ይዛ «መቼ ይመለሳሉ? እኔ የምጠየቅበት ሰው ነዎት» አለቻቸው። ዘበኛውን በር እንዲዘጋባት አዘዙት። እሷም በሩ ላይ ቆማ ላለፈ ላገደመው «ዋስ የሆንኩለት ሰው ሊጠፋ ነው መሰል፤ ደበቁብኝ!» ማለት ጀመረች። ዘበኛው የከተማው ሰው ሳይሰበሰብበት በሩን ከፈተው።

ዲሬክተሩም ወደ እኔ መጡ። «እባክህ ሚስትህን አንሣልኝ!»

«ጌታዬ፣ ይህ እኔን አይመለከተኝም» አልኩ። ያቺ ቃል አፍ ላይ እንዴት እንደምትጣፍጥ ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ቢሮዎቹ ለምን እንደማይተዋትም ያን ቀን ገባኝ።

ወደ አውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ከሰሷት። «የዋስ ነገር የዳኛ ጉዳይ ነው» አሏቸው። ወደ ዳኛው ሄዱ። «የትምህርት ቤት ነገር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው» አሏቸው። ከሰዓት በኋላ ጫማቸው አቧራ ለብሶ በበረንዳዬ በኩል ሲያልፉ አየኋቸውና ተነሥቼ ውሃ ሰጠኋቸው። የሄዱበትን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ውሃ ያስጠማል።

በመጨረሻ መስኮቱ ሥር መጥተው ቆሙ። «ምን ባደርግ ነው የምትለቂኝ?»

የአበበች እናት እንዝርቷን አቆመች። «ልጄን ከፊት ያስቀምጧት። አስተማሪው ሲናገር ፊቱን ያሳያት። ውሃውን ሌላ ሰው ይቅዳ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ይህንንማ መጀመሪያ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ይህን ሲሉ እኔ እዚያው ነበርኩ። በዓይኗ ትማራለች ያልኩትን አስታወስኩና ጥርሴን ነከስኩ።

አበበች ከፊተኛው አግዳሚ ተቀመጠች። አቶ ላምቤቦም ከዋስነቱ ሳይወርዱ ለአዲሱም ዓመት ቀጠሉ። ነገር ግን የመምህር ታምሩ አንገት ልማዱን አልተወም። ጥቂት ወደ ልጆቹ ዞሮ ይናገርና ሳያውቀው ተመልሶ ወደ ሰሌዳው ያዘነብላል። አንድ ጠዋት ለባለቤቴ ጋቢ ላደርስላት ሄጄ አብረን በመስኮቱ እናያለን። ዲሬክተሩም የክፍሉን ትምህርት ሊጎበኙ ገብተው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። መምህር ታምሩ ፊደል ጻፈ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ለሰሌዳው ያስረዳው ጀመር።

አበበች ተነሣች። ሄደች፣ ከእግሩ ሥር ቆመች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከሰሌዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ ወጣች። ከዚያ የመምህሩን አገጭ በሁለት እጇ ያዘችና ፊቱን ወደ ራሷ አዞረችው። ወዲያው አልለቀቀችውም። እንደማይመለስ እስክታረጋግጥ ድረስ ይዛው ቆየች።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ዲሬክተሩ ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ መስኮቱ አዩ፤ ባለቤቴም አየቻቸው። አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። አበበች ከወንበሩ ወርዳ ቦታዋ ተቀመጠች፤ እጇን አጣምራ ጠበቀች። መምህር ታምሩ ጉንጩን ዳሰሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ፊቱን ወደ እሷ እንዳደረገ ትምህርቱን ካቆመበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀመረ።